የዶኛ ኦፌሊያ ቦሎቄ

አቶ ጀማነህ አሜሪካ፣ በኮሎምበስ ከተማ ሀበሻ ዘንድ የታወቁት በጾም አዋቂነታቸው ነበር። አንድ ዳቦ ለመግዛት መነጽራቸውን አድርገው የጀርባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነባሉ፤ ወተት የሚል ካገኙ ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም የብስኩት ካርቶን ፎቶ እያነሱ "ጋሼ ጀማነህ፣ ይሄ ያስፈስካል?" ብለው በስልክ ይልኩላቸዋል። ሳይታክቱ ይመልሳሉ። አብዛኛው ያስፈስካል።

እኚህ ጥንቁቅ ሰው ረቡዕና ዓርብ ከመጋዘን ሥራቸው ሲወጡ በቀጥታ የሚነዱት ፍራንክሊንተን ሰፈር ወዳለችው የዶኛ ኦፌሊያ፣ በእኛ የወይዘሮ ኦፌሊያ፣ ምግብ ቤት ነበር። ስድስት ጠረጴዛ ያላት የሜክሲኮ ቤት ናት። ተፈጭቶ እንደ ሽሮ የተንተከተከ ቦሎቄ ከሩዝና ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይቀርብላቸዋል። ቺዙን ገና በመጀመሪያው ቀን በእጃቸው ምልክት አስቀርተውታል። እሳቸው ስፓኒሽ አያውቁም፣ የዶኛ ኦፌሊያም እንግሊዝኛ ከሰላምታ እምብዛም አያልፍም፤ ቢሆንም ተግባብተዋል። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ሲሞላ ተነስተው ያማትባሉ፣ ይጸልያሉ፤ እሷም ከባንኮኒው ጀርባ ሆና አብራ ታማትባለች። በኮሮናው ጊዜ ቤቷ ተዘግቶ በመስኮት ብቻ ስትሸጥ እንኳ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው በልተዋል።

ቦሎቄው ይጣፍጣል። እንዲያውም በየወሩ እየጣፈጠ የሚሄድ ይመስላል። አቶ ጀማነህ ለግማሹ ምእመን፣ ለንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረኪዳንም ጭምር ጠቆሙት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋናዬ የጾም ሽሮ ባቀረቡ ቁጥር ደግሞ፣ ያቺ ሴትዮ በዘይት ብቻ ምን እንደምትሠራ ብታዪ፣ ይሏቸዋል። ወይዘሮ ፋናዬም ሽሮውን ከፊታቸው ያነሳሉ።

በፈረንጆቹ 2021፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ፣ ሴትዮዋን ላሳያችሁ ብለው ወይዘሮ ፋናዬንና ልጃቸውን ሀሴትን ይዘው ሄዱ። ሀሴት አሜሪካ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ስፓኒሽ የምታጠና ልጅ ናት። ምግቡ ቀርቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ አቶ ጀማነህ መጉረስ እንደጀመሩ ዶኛ ኦፌሊያ መጣችና ከልጅቷ ጋር ወሬ ያዘች። ሀሴት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ የአባቷን ሳህን አየች።

"ምን አለች?" አሉ አቶ ጀማነህ።

"ዳድ፣ አፕሴት እንዳትሆን። ድሃ ነህ ብላ ነው የምታስበው። እንደዚህ እየጸለየ ሁልጊዜ ቦሎቄ ብቻ፣ ሥጋ መግዛት አይችልም፣ አሳዘነኝ አለች። ቦሎቄው ላይ ለሁሉም ላርድ አለ፤ ስለዚህ ላንተ ኤክስትራ ትጨምራለች።"

"ላርድ ምንድነው?" ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ፋናዬ።

ሀሴት ቃሉን ፈልጋ አጣችው። "የአሳማ... የአሳማ ቅቤ።"

ወይዘሮ ፋናዬ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ትከሻቸው ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ጀማነህ አፋቸው ውስጥ ጉርሻ ነበር። ዶኛ ኦፌሊያ እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ ቆማለች። ቢተፉት ሴትዮዋን ሊያዋርዱ ነው፤ ቢውጡት ደግሞ ከዚህ በኋላ አላወቅሁም ማለት የለም። ዋጡት። ከዚያም ሀሴት ስለ ጾሙ እንድታስረዳላት ጠየቁ። ዶኛ ኦፌሊያ ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ አማትባ ሳህኑን ከፊታቸው ነጠቀች። ሩዙም በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ስለነበረ አብሮ ሄደ። አንድ አቮካዶና ቂጣ ቀርቦላቸው እሱን በልተው ወጡ።

በማግስቱ አባ ገብረኪዳን ዘንድ ቀርበው ሁሉንም ተናዘዙ። አባ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "ሩዙም?" አሉ።

"ሩዙም፣ አባ።"

አባ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። ሳታውቅ ያደረግኸው ነው ብለው አርባ ስግደት ሰጧቸው። የመጨረሻዋን ጉርሻ በተመለከተ ግን ሌላ አርባ ጨመሩ። "እኔም የመጀመሪያዎቹን አርባ አብሬህ እሰግዳለሁ" አሏቸው።

አቶ ጀማነህ ከዚያ ወዲያ ያቺን ቤት አልረግጥም ብለው ነበር። ዶኛ ኦፌሊያ ግን ያን ቀን ስልክ ቁጥሯን ተቀብላት ስለነበር ለሀሴት ቴክስት አደረገች፤ በሚቀጥለው ዓርብ እንዲመጡላት ለመነች። ከሀሴት ጋር ሲደርሱ አንዲት ትንሽ አዲስ ድስት ለብቻዋ ተጥዳለች፤ ክዳኗ ላይ በእስክሪብቶ መስቀል የተሣለበት ወረቀት ተለጥፎባታል። በዘይት ብቻ ነው አለች፤ የዘይቱን ጠርሙስም አምጥታ አሳየች። አቶ ጀማነህ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸልየው ቀመሱ።

ምንም አይልም። ጨው ያነሰው የሆስፒታል ምግብ ይመስላል። ዶኛ ኦፌሊያ አጠገባቸው ቆማ አፍ አፋቸውን ታያለች።

"ከበፊቱ ይበልጣል በያት" አሉ ለሀሴት።

ሀሴት አባቷን አየቻቸው። "ዳድ፣ በጾም?"

"በያት።"

ነገረቻት። ዶኛ ኦፌሊያ ደስ አላትና ድስቷን ይዛ መጥታ ሁለት ጭልፋ ጨመረችላቸው። አቶ ጀማነህም ቀና ሳይሉ፣ እስከ መጨረሻው በሉት።