ያለ አስታማሚ አይገባም

ዬሲድ ያንን የድምፅ መልእክት የላከው ማይካኦ ከተማ ለምትኖረው እህቱ ለናዪቤ ነበር። ጣቱ ሲስት መልእክቱ የሰፈራችን የስልክ ግሩፕ ውስጥ ዱብ አለ። ስልሳ አራት ሰው፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ በየበረንዳው ያጋደመው።

«ናዪ፣ እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ተራዬ ደርሷል። ሰባት ወር የጠበቅሁት ነው። ያለ አስታማሚ አይገባም አሉኝ። ነይልኝ እባክሽ። ያ ስልኬ ላይ የጫንሽልኝ ‹ተንፍስ› እያለ የሚያዘኝ ነገር አልሆነልኝም። እየተነፈስኩም እፈራለሁ።» ከዚያ ለቅሶ። ወፍራም፣ አፍንጫ የሞላ፣ የአርባ ዓመት ሰው ለቅሶ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ደንግጦ ይሮጥ ይሆናል። እኛ የባራንኪያ ከተማ ልጆች ግን ማላገጥን «አውራ ዶሮ መጥባት» የምንል ሰዎች ነን፤ ወተት ይኑረው አይኑረው ግድ የለንም፣ እንጠባለን። ዬሲድ ደግሞ ፍሪጅ ጠጋኝ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ አንደኛ ቀልደኛ ነበር። አንዴ ውሃ ለወር ሊጠፋ ነው ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ባልዲ አስይዞ አሰልፏል። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም።

ማዶ ያሉት ወይዘሮ ዲልሳ ቀድመው መለሱ፦ «ውይ የኔ ንጉሥ! ይሄን ለቅሶ የት ገዛኸው? ለአማቴ ቀብር አከራየኝ!»

እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። አራት ወር ሙሉ የስልኩን ሴትዮ ሰምቻታለሁ፤ «ሳቡ... ያዙ... ልቀቁ...» ትልና መጨረሻ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዛሬ ተረጋግተዋል» ትለዋለች። እሱ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ቀስ እያለ ያጋጫል። ስንቴ እንዳጋጨ ቁጥሩን ሁሉ እይዝ ነበር።

እና ምን አደረግሁ? ትምህርቴን ጨርሼ ጣሪያ ላይ ደመና ስቆጥር የምውል፣ ሰላም የሚለኝ የሌለ ሰው ነኝ። የምችለው አንድ ነገር ስቲከር መሥራት ነው። ባለፈው ካርኒቫል አፉን በልቅጦ የተነሳውን ፎቶውን ወሰድኩ፣ ሁለት እንባ ለጠፍኩበት፣ ከሥሩ «እየተነፈስኩም እፈራለሁ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

ሳይመሽ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደረሰ። «ኤቤርቶ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉ ወይዘሮ ዲልሳ። ስሜን እንደሚያውቁ ያወቅሁት ገና ያን ቀን ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ዬሲድ ጻፈ፦ «ደካሞች! ያመነ ካለ እጁን ያውጣ!»

ማንም አላወጣም። እኔም አላወጣሁም። ለእህቱ ደግሞ መልእክቱን እንደገና ሲቀዳ አልሰማሁም። ያንን ቃል ሁለተኛ የሚያወጣበት ጉልበት ያለው አልመሰለኝም።

ሐሙስ በማለዳ አንኳኳሁ። ወዲያው ከፈተ፤ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዟል።

«ጋሼ፣ እኔ ላስታምምህ» አልኩት።

ፊቴን አየው። «ሙድ እየያዝክብኝ ነው?»

«አይደለም። አውቶቡሱ ሳያመልጠን እንሂድ።»

አንድ እግሩን ከደጃፉ አወጣ።

«እዩልኝ ሙሽራውን!» ወይዘሮ ዲልሳ ከሚወዛወዘው ወንበራቸው ላይ ጮኹ። «ዬሲድዬ፣ ተሸልመህ ወዴት ነው?» አራት አምስት በር ተከፈተ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ።

ዬሲድ ባለበት ቀረ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳና ትከሻዬን በጥፊ መታው። «ተሸወደ! ኧረ ይሄን ቂል እዩልኝ፣ አምኖ እብድ ቤት ሊወስደኝ መጣ! ሸሚዝ የተኮስኩት እኮ እሱን ለመሸወድ ነው!»

መንገዱ በሳቅ ተንከባለለ። ጆሮዬ እሳት ሆነ። ግንባርህ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እሰማለሁ ልለው እችል ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አብሬ ሳቅሁ። እሱም መሄዱን ትቶ ተቀመጠ። ሰው ተሰበሰበ፣ ቀልዱ ደራ፣ ጊዜው ሄደ።

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ወይዘሮ ዲልሳ ነጥቀውት ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

«አቶ ዬሲድ ፓቴርኒና? ከክሊኒኩ ነው። ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው፤ እስከ ሦስት ተኩል ከደረሱ ይገባሉ።»

ወይዘሮ ዲልሳ ድምፃቸውን አጎረነኑ። «ውይ ልጄ፣ ዬሲድ እኮ ሞተ። ትናንት ቀበርነው።»

ሰዉ አፉን በእጁ አፈነ። የክሊኒኩ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እንግዲያው ከዝርዝሩ ላውጣቸው።» ስትጽፍ ተሰማ፣ ጣ ጣ ጣ። ተዘጋ።

ሳቁ ውሾቹን አስጮኸ። ከሁሉም በላይ የሚስቀው ዬሲድ ነበር፤ ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው በአገጩ እየወረደ። «ወይ ጉድ፣ ዛሬም አንደኛ!» አሉ ወይዘሮ ዲልሳ፣ እንባውን እያዩ።

እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ እየሳቀ እንዳልሆነ አየሁ። ጎንበስ አለና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አንተ ያመንከው ልጅ» አለኝ። «ለክሊኒኳ ልጅ ደውልላት። አልሞተም በላት።»

ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ የክሊኒኩ ቁጥርም ወረቀቶቹ ላይ ይታያል። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞረው፣ ቂሉ አሁን ደግሞ ምን ይል ይሆን ብለው ይጠብቃሉ።

ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ «ለሞተ ሰው ማን ይደውላል ጋሼ?» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ወይዘሮ ዲልሳ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥሁ።