የቀዛፊው ስም

ካቶሲ ወደብ ላይ ከዓሣ ማጨሻው እስከ ቪዲዮ ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። ማማ ሙኪቢ ግን ልጇ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልሄደችበትም። "በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ውሸት መስማት ምን የሚሉት ነው?" ትል ነበር። እኔ ከጎኗ ዓሣ የማጨስ ጎረቤቷ ናንፉካ፣ እሑድ እሑድ ስለምሄድ ያየሁትን ሰኞ እነግራታለሁ። እየሳቀች ትሰማኛለች። ልጇ ሙኪቢ ግን ከሐይቅ ሲመለስ መረቡን እንኳ ሳያሰጣ ወደዚያው ነበር የሚሮጠው።

ቪዲዮ ቤቱ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ሰው የሚመጣው ግን ለቪጄው ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ቪጄው ማይክሮፎን ይዞ በቋንቋችን በሉጋንዳ ይመልሰዋል፣ ያልተባለውንም ይጨምርበታል። ስሙ ሴንቶንጎ ነው፤ በድምፁ ነጎድጓድ ያልነው እኛ ነን። ነጎድጓድ ሲያወራው የባዕድ ንጉሥ እንደ ወደባችን ሊቀመንበር ይቆጣል፣ ክንፍ ያለው አውሬ እንደ ግብር ሰብሳቢ በየደጁ ያንኳኳል። ሰዎቹ የእንግሊዝ ስማቸውን ይዘው እሱ ቤት አይገቡም፤ ለሁሉም የሰፈር ስም ያወጣላቸዋል።

እሑድ እሑድ የምናየውን ተከታታይ ፊልም "የጨው ምድር" ነበር የምንለው። ወንድሟ ከዙፋን ያባረራት አንዲት ንግሥት አለች፤ ነጎድጓድ ናሎንጎ ይላታል፣ መንታ ስለወለደች። ከመንታዎቹ አንዱ ሞቶባት፣ የቀረውን ሕፃን ከአጎቱ ለማዳን በግራጫው ወንዝ ማሻገር አለባት። ወንዙ ላይ አንድ ቀዛፊ አለ። ብዙ አያወራም፤ ሲስቅ ግን የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። ያ ሰው መጀመሪያ ሲስቅ ነጎድጓድ ዞር ብሎ አዳራሹን አየና፣ "ይሄ የኛው ሙኪቢ አይደል እንዴ? እዚህ ተቀምጦ እዚያ ማን አደረሰው?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኛም ሙኪቢ ፍንጭት ነው፣ የኛም ሙኪቢ ቀዛፊ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀዛፊው ስም ሙኪቢ ሆኖ ቀረ። ቀዛፊው ብቅ ባለ ቁጥር ወጣቱ ሁሉ "ሙኪቢ፣ አሻግረን!" ይላል፤ ሙኪቢም ከመቀመጫው ተነስቶ "ኪሳችሁን አሳዩኝ መጀመሪያ" እያለ ያሾፋል።

ሁለተኛው ክፍል ያለቀው ቀዛፊው ሕፃኑን ጀልባው ውስጥ አስተኝቶ፣ ወታደሮች ከዳር ቀስት ደግነውበት ነው። እዚያ ላይ ቆረጡት። ቀጣዩ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ጠበቅን። በዚያ ጊዜ ካቶሲ ውስጥ የማያከራክር ነገር አልነበረም። የሞተር ብስክሌት ነጂው ጁኮ፣ "ቀዛፊው ሕፃኑን ለአጎትየው ይሸጠዋል፣ ድሃ ምን ምርጫ አለው?" ይላል። ሙኪቢ በቁጣ ይነሳል። "እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ? እንኳን ሕፃን ዓሣም አልሸጥልህም!" ይለዋል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን እንደ ናሎንጎ በሦስት ጉንጉን ተሠሩ። አንዱ ጀልባውን ግራጫ ቀለም ቀብቶ "የጨው ምድር" ብሎ ጻፈበት።

አዲሱ ክፍል ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሙኪቢና ሁለት ጓደኞቹ ሙኬኔ የምንላትን ትንሽ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ። ንፋስ ተነሳ። ሁለቱ ባዶ ጀሪካን አቅፈው ዳር ደረሱ። ሙኪቢ አልደረሰም። ጀልባ ያለው ሁሉ ወጥቶ ፈለገ፤ ደሴቶቹ ድረስ ሄደው ጠየቁ። ሐይቁ አልመለሰውም።

የማማ ሙኪቢ ሟች ባል አጎት፣ ሽማግሌው ጃጃ ኪዳሙ፣ መጥቶ ከደጇ ተቀመጠ። "ልጄ፣ ሬሳ ሲጠፋ የሙዝ ግንድ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ልብስ ገንዘን እንቀብራለን። አባቶቻችንም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። መንፈሱ ሜዳ ላይ አይቅር" አላት።

"ጃጃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የሙዝ ግንድ አልወለድኩም" አለችው።

ሽማግሌው ተነሳ። ዱላውን ይዞ ሄደ። እሷም በማግስቱ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ዓሣ ታገላብጣለች፣ ቀና ብላ ውኃውን ታያለች፣ መልሳ ታገላብጣለች። የሙኪቢን ሳህን እንደ ወትሮው አጥባ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጥ አያታለሁ፤ ምን ብዬ ልናገር?

በዚህ መካከል ነው አዲሱ ክፍል ከካምፓላ የደረሰው። ወሬው ሲሰማ ወደቡ ተናወጠ። ግን አንድ ነገር ያልታሰበ መጣ፤ የቀዛፊው ስም ምን ይሁን? በቪዲዮ ቤቱ ደጅ ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ የሚጠብሰው ልጅ ምጣድ ዙሪያ ተሰብስበው ተከራከሩ። አንዳንዱ ስሙ ይለወጥ፣ ነውር ነው አለ። ጁኮ ራሱን ነቀነቀ። "ምን ብላችሁ ልትጠሩት ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ሙኪቢ ስንለው ኖረን፣ ልጁ ሲሞት ከዚያም እናባርረው?" አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያ ሁሉ ክርክር ከሙኪቢ ጋር እንጂ ከማን ጋር ነበር?

ነጎድጓድ መጥቶ ማማ ሙኪቢን ራሷን ጠየቃት። ያ አገር የሚያንቀጠቅጥ ድምፁ ጠፍቶ እንደ ተማሪ ልጅ እጁን አጣምሮ ቆመ።

"ማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። ፊልሙ ውስጥ በልጅዎ ስም የምንጠራው ሰው አለ። እርስዎ ካልወደዱ እለውጠዋለሁ።"

"ናንፉካ ነግራኛለች። ቀዛፊ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ማማ።"

"በሕይወት አለ?"

ነጎድጓድ እኔን አየኝ። "አለ" አላት።

"እንግዲያው ስሙን አትንጠቀው" አለችና ወደ ዓሣዋ ዞረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ደጄ ቆመች። "ውሰጂኝ" አለችኝ። ስንገባ አዳራሹ ጢም ብሎ ይጮህ ነበር፤ እሷን ሲያዩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አሉ። ከፊት አግዳሚ ቦታ ለቀቁላት። ፊልሙ ተጀመረ። ቀዛፊው ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ ፍላጻው በላዩ እያለፈ፣ ሕፃኑን ይዞ ጉም ውስጥ ገባና አመለጠ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቆርቆሮው እስኪገነጠል እንጮህ ነበር። ያን ቀን ሁሉም የሷን ፊት ያያል። ነጎድጓድ በቀስታ፣ "ሙኪቢ አመለጠ" አለ። ማማ ሙኪቢ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጥርሱን አየሽው?" አለችኝ። ያኔ ነው ሰዉ የጮኸው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ አላመለጣትም። ወጣቶቹ እንደ እናታቸው ያከብሯት ጀመር፤ ጁኮ በሞተሩ ካላደረስኩሽ ይላታል፣ ሌላው ሮሌክስ የምንለውን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝቶ ጉልበቷ ላይ ያስቀምጥላታል። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ውሎ አድሮ ግን ፈራሁ። ሰኞ ዓሣ እያገላበጥን፣ "ትናንት ከስቷል፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ይበላል?" ትለኛለች። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ፣ "ጀልባው መጠለያ የለውም እኮ" ትላለች። ከማን ጀልባ እንደምታወራ ልጠይቃት እልና አፌን እይዛለሁ።

ነጎድጓድ ፊልሙን ሁልጊዜ አስቀድሞ ብቻውን ያየዋል፤ ካላየ እንዴት ይተረጉማል? አንድ ዓርብ ጠዋት ማማ ሙኪቢ ለእንጨት ወጥታ ሳለች ወደኔ መጣ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

"ይሞታል" አለኝ።

"ማን?"

"ቀዛፊው። በዚህ እሑድ።"

ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለው ጀመር። "ዝለለው። ሌላ ሰው ነው በል። ለሥራ ሩቅ አገር ሄደ በል፤ አንተ ስንት ውሸት ስትጨምር አልኖርክም?"

"ናንፉካ፣ ጆሮዋን ላታልለው እችላለሁ። ዓይኗን ምን ላድርገው? ብዘለውም ጁኮና ጓደኞቹ ሌላ ቦታ ያዩታል፣ ወሬው ከመንገድ ይደርሳታል። ከመንገድ ትስማው?"

ቆይተን ጠበቅናት። ስትመጣ ነጎድጓድ እንጨቱን ከራሷ ላይ አወረደላትና ነገራት። አልጮኸችም። እንጨቱን አንድ በአንድ ወደ ምድጃው ጎን ትደረድር ጀመር።

"እንዴት ነው የሚሞተው?"

"ወታደሮቹ ወንዙ ላይ ይደርሱበታል፣ ማማ።"

"ሕፃኑስ?"

"አሻግሮታል። ካሻገረው በኋላ ነው።"

"አሻገረው" አለች ለራሷ። ቀጥላ እንጨት ደረደረች። "ሬሳውስ? ይገኛል?"

"ይገኛል። ወንዙ ዳር ያወጣዋል። ናሎንጎ ራሷ ናት የምታጥበው።"

እጇ ላይ የያዘችውን እንጨት አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "እመጣለሁ። ምንም እንዳትዘል። ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ።"

እሑድ ወሬው ሳይደርሰው የቀረ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል፣ ግን የሚያወራ የለም። ማማ ሙኪቢ ከፊት ተቀመጠች፤ እጄን ያዘችኝ። ቀዛፊው ሕፃኑን ማዶ ለናሎንጎ ሰጠና ወታደሮቹን ከሷ ለማራቅ ብቻውን ወደ ወንዙ መሐል ተመለሰ። ፍላጻዎቹ መጡ። ጀልባው ተገለበጠ። እጄን ስትጨምቀው አጥንቴ ተሰማኝ፤ እሷ ግን ዓይኗን አልከደነችም።

ነጎድጓድ ምንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከሱ ሰምተን አናውቅም። ከቴሌቪዥኑ የውኃ ድምፅ ብቻ ይወጣል። በበነጋታው ናሎንጎ ሬሳውን ከሸምበቆው መሐል አገኘችው፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቱን ታጥብ ጀመር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ትላለች። ነጎድጓድ ያንን አልተረጎመም። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ለቅሶ ቤት ስንገባ የምንለውን።

"ኪታሎ፣ ማማ ሙኪቢ።"

ከኋላ አንድ ሰው "ኪታሎ" አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ በመስኮት የቆሙትም ጭምር፣ እንደ ለቅሶ ቤት "ኪታሎ፣ ኛቦ" አሉ፤ እመቤታችን እንደማለት ነው። ጁኮ ወጥቶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ማማ ሙኪቢ በጨለማው ውስጥ ተነሳች። "ሙዌባሌ" አለች፣ አመሰገነቻቸው፤ ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። ልጇ ከጠፋ ወዲህ ስታለቅስ መስማቴ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደግፌ አወጣኋት። ሰዉ እየተከፈለ መንገድ ሰጠን።

በዚያው ሳምንት ወደ ጃጃ ኪዳሙ ራሷ ሄደች። "ያሉትን እናድርግ" አለችው። ሽማግሌው ለምን አሁን ብሎ አልጠየቃትም። ከጓሮዋ የሙዝ ግንድ ቆረጡ፤ የሰው ቁመት ያህል ነበር። በቅርፊት ልብስ የገነዘችው እሷ ናት፣ ከመገነዟ በፊትም ግንዱን በውኃ አጠበችው። እንዲህ ዓይነት ወግ የለንም፤ ማንም ግን አልከለከላትም። ባሏ አጠገብ ቀበርነው። የቪዲዮ ቤቱ ወጣት ሁሉ መጣ፣ ሴቶቹ የንግሥቲቱን ጉንጉን ፈትተው በሻሽ ተሸፍነው። ሽማግሌዎቹ ነጎድጓድን ተናገር አሉት። ተነሳ፤ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የጎሳውን ስም ጠራ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ጠበቀው። በመጨረሻ ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

ለቅሶ ላይ ሳለን አንዱ ልጅ ለሌላው በሹክሹክታ፣ "ንግሥቲቱ በሚቀጥለው ወንድሟን ትገድለዋለች፣ ታያለህ" ሲለው ሰማሁ። ልቆጣው ፈለግሁና ተውኩት። ልጆች ናቸው።

ፊልሙ ቀጠለ። እሑድ እሑድ አዳራሹ ይሞላል፣ አሁንም ይጮኻሉ፣ አሁንም ይከራከራሉ። ነጎድጓድ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በሕይወት ያለ ሰው ስም ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ማማ ሙኪቢ ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። ሳህኑ ከመደርደሪያው ተነስቷል፤ ለማን እንደሰጠችው አልጠየቅኳትም። ወደ ውኃው ቀና ማለቷን ግን አልተወችም፤ ንፋስ ሲነሳ ሥራ ትፈታለች።

የመጨረሻውን ክፍል ያየሁ ሰሞን፣ ዓሣ እየደረደርን ሳለ፣ "አለቀ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አለቀ። ልንገርሽ?"

"ሁሉንም አልፈልግም። ያ ያሻገረው ሕፃን አለ?"

"አለ። አድጎ ቆሞ ይሄዳል" አልኳት። እውነቴን ነበር።

"ማን እንዳሻገረው ነገሩት?"

ይሄን ፊልሙ አላሳየንም። "አላውቅም" አልኳት።

እሷም ዓሣዎቹን በጨርቅ ሸፍና ጭሱ እንዳያመልጥ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጫነችው።