ደስታው ለባፈና የነገረው

ደስታው ለሸንጎ የተመረጠው ደፋር ስለሆነ አልነበረም፤ ዝምተኛ ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ የሚያወራ ሰው ወይ ካድሬ ነው፣ ወይ ነገ አይገኝም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ደግሞ ከደስታው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከመንዝ መጥቶ ከመልካ ወረር ወዲያ ባለው የጥጥ እርሻ ትራክተር ሲጠግን አራት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጋራዡና ከሠራተኛ መኝታው ሌላ የረገጠው መሬት የለም ማለት ይቻላል። የአገሬውን ሰው የሚያውቀው በቦዩ ማዶ ግመል ሲነዳ አይቶ ብቻ ነው።

ታዲያ በአንድ ሰኔ ዝምታ የማያዋጣበት ነገር መጣ። እርሻው ላይ ሠራተኛው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር ያርፋል። የአዋሽን ሸለቆ ፀሐይ የቀመሰ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከላይ የመጣው ሐሳብ ይህን ዕረፍት የሚሽር ነበር። አገሪቱ የውጭ ብድር አለባት፤ ብድሩ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው የሚመጣው ከጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ጥላ ሥር በተኛ ሰው አይታረምም። ሸንጎው እስኪያጸድቀው ድረስ ለሙከራ ይሠራበት ተባለ። በዘጠነኛው ቀን ውብሸት የሚባል አራሚ ከመስመሩ መሀል ተደፍቶ ቀረ። አለቆቹ ወባ ነው ብለው ጻፉ።

የውብሸት ታላቅ እህት አስረሳሽ እሷም አራሚ ነበረች። ደስታው ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ሲል ጋራዡ በር ላይ ጠበቀችው።

«ስሙን ጥራልኝ፤ ሌላ አልልህም» አለችው። «ወባ አይደለም በልልኝ።»

«እጠራዋለሁ፣ እትዬ» አለና ማን እንደሰማቸው ለማየት ዞር ዞር አለ።

ንግግሩን ጽፎ ካልሲው ውስጥ ደበቀ። እስከ አዋሽ በአይፋ የጭነት መኪና ተጭኖ ሲሄድ ሾፌሩን ጠረጠረ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ደስታውን ያሳሰበውም ይኸው ነው። አዋሽ ሲደርስ ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጣው አሉት፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የሀጂራ ሻይ ቤት ገብቶ ጥግ ያዘ። ሀጂራ ከወሎ የመጣች፣ እጇም ምላሷም የማያርፍ ሴት ናት።

ሻዩን ሳይጨርስ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጊሌ የሚሉትን የአፋር ጩቤ ወገቡ ላይ ያጋደመ ሰው ገባ። ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ደስታው ፊት መጥቶ ተቀመጠ።

«እኔ ባፈና ነኝ። አንተ ማን ነህ? ከየት መጣህ?»

«ደስታው። ከወረር በኩል» አለ፤ ስሙን በመናገሩ ወዲያው ተጸጸተ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ? የወንዙ ውሃ እንዴት ነው? ከብት ታሟል? እርሻው ሰላም ነው? ሰው ሞተ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? አንተስ የት ትሄዳለህ? ለምን?»

ሰውየው ረጋ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነበር የሚጠይቀው። ደስታው በዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ ተጠይቆ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ጠያቂው ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አስቀምጦ ነበር። ጆሮ ጠቢ ሽርጥ አይታጠቅም ያለው ማነው? እግሩ ሥር ያለችው ወረቀት እንደ ፍም አቃጠለችው።

«ሁሉ ሰላም ነው» አለ። «የቀትሩ ዕረፍት ሊቀር ነው፤ ሠራተኛውም ደስ ብሎት ተቀብሎታል። እኔ የሸንጎ አባል ነኝ፤ ደግፌ እጄን ላወጣ ነው የምሄደው።»

«የሞተውስ?»

«ወባ ነው።»

ባፈና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነና ያለውን ሁሉ ነገረው፤ ጭፍራ ላይ ዝናብ መዝነቡን፣ ሰርዶ አጠገብ የጭነት መኪና መገልበጡን፣ የማን ግመል እንደጠፋና ቀለሙ ምን እንደሆነ። ደስታው ይሄ ሁሉ ወጥመድ ነው ብሎ አንዱንም በቅጡ አልሰማም። ሰውየው ተነሥቶ ሲወጣ ደስታው የግንባሩን ላብ ጠረገ።

«ምነው ወንድሜ፣ እንደ ሌባ ደነገጥክሳ!» ብላ ሀጂራ ሳቀች። «ዳጉ እኮ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ያየውን የሰማውን ይጠይቃል፣ የራሱንም ይሰጣል። የነገርከውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርስልሃል። የውሸት ወሬ ያመጣ ሰው ወላሂ ከእነሱ ዘንድ ከዚያ ወዲያ ሰው አይደለም።»

ደስታው በሩ ላይ ወጣ። ባፈና ከሐዲዱ ማዶ ከግራሩ ሥር ከሁለት ሰዎች ጋር ቁጢጥ ብሎ፣ የሰማውን ማውራት ጀምሯል። ሮጦ ሄዶ «ዋሽቼህ ነው» ማለት ይችል ነበር። ግን ሀጂራስ የማን ናት? ይህን ሁሉ ለምን ነገረችው? እሱ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ባቡሩ መጣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተሳፈረ።

አዲስ አበባ የሸንጎው አዳራሽ ቀዝቃዛና ሰፊ ነበር። የኢኮኖሚው ሪፖርት ግማሽ ቀን ተነበበ፤ ብድሩ፣ ወለዱ፣ ጥጡ። ሐሳብ ያለው ጓድ ሲባል ለደስታው እጁ ከፈቃዱ ውጭ የወጣች መሰለው። ወረቀቷ በላብ ርሳ ፊደሏ ስለጠፋ በቃሉ ተናገረ።

«ዕዳው የአገር ነው፤ አገር ደግሞ እኛ ነን፤ አልክድም። ግን የሞተ ሰው ጥጥ አያርምም። ውብሸት የሚባል ሠራተኛ በቀትር ፀሐይ ወድቆ ሞቷል። ወባ አይደለም።»

ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ ግንባር ነው ያለው» አሉ። «እዚያ የቀትር ዕረፍት አለ? የሚተኩሰው ጥይት በምንዛሪ አይደለም የሚገዛ?» ጭብጨባ ሆነ። ሽማግሌው ከልባቸው እንደተናገሩ ያስታውቃል። ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሻይ ሰዓት አጠገቡ የቆመ አልነበረም። ማታ ይወስዱኛል ብሎ ልብሱን ሳያወልቅ ተኛ። የወሰደው ሰው የለም፤ ይሄ ደግሞ ከመወሰዱ የባሰ አስጠረጠረው። በማግስቱ ሬዲዮው ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን ተናገረ። ደስታው የተናገረው ከአዳራሹ አልወጣም።

ከሄደ በስምንተኛው ቀን እርሻው ሲደርስ ጋራዡ ውስጥ ወሬ ተቋረጠ። ለእኔ ፈርተው ነው ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማው። ከዚያ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ ማሳው ወረደ። አስረሳሽ አጎንብሳ ትኮተኩታለች። ከቦዩ ዳር የአፋር እረኞች ከብት ያጠጣሉ።

«እትዬ አስረሳሽ፣ ስሙን ጠራሁት።»

ቀና አላለችም። «ሬዲዮው በሙሉ ድምፅ አለ።»

«ሬዲዮው ዋሸ።»

«እነዚያስ?» በአገጯ እረኞቹን አመለከተችው። «አንተ ከሄድክ በሦስተኛው ቀን ነው የነገሩን። ሠራተኛው ደስ ብሎታል፣ ውብሸትን የገደለው ወባ ነው ብሎ ደስታው አዋሽ ላይ ለባፈና ነገረው አሉ። እነዚህ ሰዎች እንኳን እንዲህ ያለውን የጠፋ ግመል ቀለም አይሳሳቱም። ወይስ ባፈና ዋሽቷል? ዋሽቷል በለኝና ልንገራቸው።»

በየመስመሩ ያሉት አራሚዎች ቀና ብለው ይሰማሉ። ባፈና ዋሽቷል ማለት ቀላል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ባፈናን ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንደማይኖር ደስታው አሁን ያውቃል።

«አልዋሸም» አለ። «እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት። ሰላይ መስሎኝ ፈርቼ ነው።»

«ሻይ ቤት ውስጥ? አንድ ሰው?»

«አዎ።»

መኮትኮቷን አቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «ሸንጎውስ? ያ ሁሉ ሹም ተቀምጦ፣ እዚያ አልፈራህም?»

«ፈርቻለሁ» አለ ደስታው። «ግን ስሙን ጠራሁት።»



«ላምንህ ምን ያህል እንደምፈልግ ብታውቅ» አለችውና አጎንብሳ መኮትኮቷን ቀጠለች። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር፤ ጥላው ሥር ማንም የለም።