ዋጋው እስኪወርድ

ኮምፒውተር ግዢ ላይ ምክር ሰጥቼ የተሳሳትኩበት ቀን የለም። አንድ ቀን እንኳ። ጉራ የመሰለው ሰው ካለ አክስቴ ሱቅ መጥቶ ይጠይቅ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ይዘው በር ላይ ቆመው «ፕሮፌሰሯ አለች?» ይላሉ። ፕሮፌሰሯ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት። ለስድብ ነበር ያወጣችው፤ እኔ ወደድኩት።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ሥር ሦስት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ነው። አክስቴ ኮምፒውተር ትገጣጥማለች፣ ትጠግናለች። እኔ አቧራ እነፋለሁ፣ ብሎን እፈታለሁ፣ አወራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሰሌዳው የኔ ነው።

የኮምፒውተር ማሰቢያው ፕሮሰሰር ይባላል፤ ከብስኩት የማትበልጥ ነገር ናት። እሷን የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ። እኛ ሱቅ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ በካርቶናቸው ቀለም ጥቁሩና ቢጫው ነው የምንላቸው። እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንዷ ቀሚስ ስታሰፋ ሌላዋ ጫማ ካልገዛች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቢጫው አዲስ ሲያወጣ ጥቁሩ የአምናውን ዋጋ ይጥላል፤ ጥቁሩ ሲያወጣ ቢጫው የባሰ ፈጣን ይዞ ይመጣል። እኔ ሰሌዳውን መሐል ለመሐል ከፍዬ ምን መቼ እንደሚወጣ፣ ምን መቼ እንደሚረክስ እጽፋለሁ። ከኢንተርኔት እለቅማለሁ፣ ከአስመጪዎች ወሬ እሰርቃለሁ፣ የቀረውን እገምታለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ሰሌዳውን አየት አድርጌ ወይ «ዛሬ ይውሰዱ» ወይ «ይጠብቁ፣ ይወርዳል» እላለሁ።

«ሱቅ ከፍቼ ደንበኛ የሚመልስ ዘበኛ ቀጠርኩ» ትላለች አክስቴ።

«ተመልሰው ይመጣሉ።»

«እስኪመጡ ምን ልብላ፣ ሰሌዳሽን?»

ግን ይመጡ ነበር። ጎረቤታቸውንም ይዘው። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ያን የተናገረ ሰው ፕሮሰሰር ገዝቶ አያውቅም። በዚህ ጠብ ሣሩ ይለመልማል።

ጋሼ የመጡት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ጋሼ የምለው የአባቴን ታላቅ ወንድም ነው። ሠላሳ ዓመት የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጹ ኖረዋል። ደረጃውን ሲወርዱ ሦስተኛውን በጫማቸው ጫፍ ፈለጉት። አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው።

«ዶክተሩ ምን አለ፣ ጋሼ?» አለች አክስቴ ወንበር እየሳበች።

«የጎን የጎኑ እይታዬ ሄዷል አለ። አሁን የማየው በቧንቧ አሾልኮ እንደሚያይ ሰው ነው። ግራ ዓይኔ ከነጭራሹ የለም። በቀኝ የቀረችውን መድኃኒቱ ያቆያት ይሆናል። ዓመት ልትቆይ ትችላለች፣ ላትቆይም ትችላለች አለኝ።»

ከዚያ የመጡበትን ነገሩን። ባለቤታቸው የሞቱት እኔ ጥርስ ሳላበቅል ነው። በየሰርጉ መብራት የሚይዙላቸው እሳቸው ነበሩ። መብራት የያዘ ሰው ደግሞ ፊልም ውስጥ አይገባም፤ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ለሌላው ያበራል። በዚያ ላይ ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር አሉ።

«ግን ትስት ነበር» አሉ ጋሼ። «ክንዷ ብቅ ይላል። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ያልፋል። አንዳንዴ መስታወት ውስጥ ጀርባዋ ይታያል። ያኔ እነዚያን እየቆረጥኩ እጥል ነበር፣ ሙሽሮቹ እንዳይቆጡኝ። ዋናዎቹ ካሴቶች ግን አሉኝ፤ ሁለት መቶ አሥር ናቸው፤ ሁሉንም ወደ ዲስክ አስገልብጫለሁ። አሁን የማልፈልገው ሙሽሮቹን ነው። እሷ የገባችባቸውን ብቻ ለቅሜ አንድ ላይ ልቀጥላቸው።»

«ሌላ ሰው አይለቅምልዎትም?» አልኩ።

«ሌላ ሰው ክንድ ነው የሚያየው» አሉ።

ችግሩ ኮምፒውተራቸው ነው። አንድ ካሴት ሲከፍት ያቃስታል፤ ቁረጥ ሲሉት ይሞታል። አስነስተው እንደገና ከመጀመሪያው። አክስቴ እጇን ወደ መደርደሪያው ዘርግታ ነበር።

«ጥቁሩ አለኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ገጥሜ ነገ ጠዋት ቤትዎ አደርሳለሁ።»

«ይጠብቁ» አልኩ እኔ።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«በሰባት ሳምንት ውስጥ ቢጫው አሥራ ስድስት ኮር ያለው ያወጣል። ኮር ማለት፣ ጋሼ፣ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ማለት ነው። የእርስዎ አሮጌ ሁለት ሠራተኛ ነው ያለው፤ ሁለቱም ጡረታ የወጡ። ቢጫው ያንን ሲያወጣ ጥቁሩ ደንግጦ ዋጋ ይጥላል። ዛሬ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለአስመጪ መረቀ ማለት ነው።»

ጋሼ ሳቁ። «ጡረታ የወጡ አለች።»

«አይስሟት» አለች አክስቴ።

«ለምን? መላው ሰፈር ይሰማት የለ። ሰባት ሳምንት ምን አላት።»

ዶክተሩ ያለውን ዓመት በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። «ላትቆይም» ያለውንም ሰምቻለሁ። ግን ሰሌዳው ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው፤ ለጋሼ ዓይን ሦስተኛ አላበጀሁለትም።

ቢጫው ባልኩት ቀን ወጣ። ጥቁሩ በዘጠነኛው ቀን ሲሶውን ዋጋ ጣለ። ሰሌዳው ላይ በቀይ አስምሬ ከሥሩ «አልኩ አላልኩም?» ብዬ ጻፍኩበት። አክስቴ አነበበችውና ወደ ብየዳዋ ተመለሰች።

ጋሼ ተመልሰው የመጡት በዚያ ሳምንት ነው። አሁን ግድግዳውን እየዳበሱ ወረዱ። ስልሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ሰው።

«በአሮጌው እየታገልኩ ዘጠኝ አገኘሁ» አሉኝ።

«ዘጠኝ ካሴት?»

«ዘጠኝ ጊዜ እሷን። አንዱ ላይ ትስቃለች። ፊቷ የለም፣ ግን መብራቱ ይንቀጠቀጣል። ስትስቅ እጇ አይጸናም ነበር።» ከደረት ኪሳቸው የካሴቱን ቁጥርና ደቂቃውን የጻፉበት ወረቀት አወጡ። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የተጻፉት ከመስመራቸው ወጥተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። «ታዲያ፣ ፕሮፌሰር። ወረደ አይደል?»

ወርዷል። ከዚህ በላይ ምን ይሁን። ግን እኔ ደግሞ ሌላ ወሬ ይዤ ነበር።

«ወርዷል፤ ግን ጥቁሩ ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚገባበትን መሰኪያ ሊቀይር ነው። ዛሬ የሚገዙት ቦርድ የሚቀጥለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ከዓመት በኋላ ላሻሽል ቢሉ ሁሉንም አውጥተው መጣል ነው። ቢጫው ደግሞ ይሄን አይቶ አነስተኛውን በርካሽ ሊለቅ ነው። አምስት ሳምንት።»

አክስቴ ክንዴን ይዛ መጋረጃው ጀርባ አስገባችኝ። ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

«ስሚ። ጥቁሩ ብቻውን የነበረ ጊዜ አንቺ አልተወለድሽም ነበር። ያንኑ ዕቃ ካርቶን እየቀየረ ስንት ዓመት ሸጠልን። ዋጋውን በሚስማር የመታው ይመስል ነበር። ቢጫው መጣ፣ ሰው ተነፈሰ። ፉክክሩ ለገዢ ጥሩ ነው፣ እኔም እበላበታለሁ። ግን ማብቂያ የለውም፤ ሁልጊዜ የሚመጣ አለ። ታዲያ እኚህ ሰው መቼ ነው የሚገዙት?»

«ሲወርድ።»

«ወርዷል እኮ።»

«ገና ይወርዳል።»

«ከዓመት በኋላ ያሻሽላሉ ብለሽ ነው መሰኪያ የምትቆጥሪላቸው?»

«ገንዘባቸውን ማባከን አልፈልግም» አልኳት። እውነቱን ልናገር፤ ገንዘባቸው አሳዝኖኝ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አምስት ሳምንት እንዲደርስልኝ ነበር። በቀይ ላሰምርበት።

ጋሼ ከመጋረጃው ወዲያ «አትጣሉ» አሉ። «ልጅቷ ያለችው አንድ ጊዜ ደርሷል። አምስት ሳምንት እጠብቃለሁ።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ኪሱን ሁለት ጊዜ ሳቱት።

አምስቱ ሳምንት በአራት ተኩል አለቀ። ቢጫው አነስተኛውን ለቀቀው፤ ጋሼ መጀመሪያ ቀን ሊከፍሉ ከነበረው ግማሽ ሆነ፣ ፍጥነቱ ደግሞ ያኔ ሊገዙት ከነበረው በለጠ። ሰፈሩ ሁሉ ሱቃችን ገባ። አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ እጄን ጨብጦ «አንቺ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ» አለኝ። አክስቴ የጋሼን ማሽን ስትገጥም አልሰደበችኝም። በመጨረሻ ያሸነፍኳት መሰለኝ።

«ራስሽ አድርሺው» አለች ክዳኑን እየዘጋች። «እዚያ ስትደርሺ አፍሽን ቆጥቢ።»

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አንድ ሰፊ ክፍል። ካሴቶቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በየጀርባቸው የሙሽሮች ስምና ቀን ተጽፏል። ጥግ ላይ የመብራት ማቆሚያው ተጣጥፎ ቆሟል። ጋሼ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራትም አልበራም፤ ከሰዓት ስለሆነ ልብ አላልኩትም።

«በግማሽ፣ ጋሼ» አልኩ ገና ከበሩ ሳልገባ። «በግማሽ ዋጋ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። አበራሁት። አሮጌው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ነበር የሚጮኸው፤ ይሄኛው ትንፋሹም አይሰማም። ድምፃቸውን ዘግቼ ስድስት ካሴት በአንዴ ከፈትኩ፣ ስድስቱም እንደ ውኃ ፈሰሱ።

«አብርተሽዋል?» አሉ ጋሼ።

«እየሠራ ነው እኮ፣ ይዩት።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ወደ ድምፄ። ስክሪኑ በግራቸው ሆኖ ሙሽሪት ኬክ ትቆርጣለች።

«አብርተሽዋል?» ያሉኝ ማሽኑ ድምፅ ስላላሰማ፣ ስክሪኑም ስለማይታያቸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ማውሱን ለቀቅሁት።

«መቼ?» አልኩ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ውኃው መስሎኝ ጠረግኩት፣ ጠረግኩት።»

«አክስቴ ታውቃለች?»

«ነግሬያታለሁ። እንዳትነግርሽ ያልኳት እኔ ነኝ። ብትሰሚ ትደበቂ ነበር። እኔ ደግሞ ዓይን ያለው ሰው ያስፈልገኛል።»

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አላለቀስኩም። የማውቀውን አደረግሁ፤ ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ያን ቀን ጥቁሩን ቢገዙ ኖሮ ስንት ካሴት ያገኙ ነበር ብዬ በልቤ ማስላት ጀምሬ፣ ቁጥሩ ሲበዛብኝ ተውኩት። ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት ሳምንት። እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ ያዩ ነበር።

«ካሴት ሃያ ሦስትን ክፈቺ» አሉ። «አዳራሹ በስተግራ መስኮት አለው። ከዳንሱ በፊት እጅ ይገባል። ያንን ፈልጊልኝ።»

ከፈትኩ። ሰዎች ይጨፍራሉ። ድምፁን ስለቅቀው ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ የዘፈኑን ቦታ እየቆጠሩ ነበር። እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ሴትየዋን አላውቃቸውም። አንድ ፎቶ እንኳ አላየሁም። አዳራሹ በእጅ የተሞላ ነው፤ የሚያጨበጭብ እጅ፣ ብርጭቆ የያዘ እጅ፣ ሕፃን የያዘ እጅ።

«አገኘሁ» አልኩ። «ከቀኝ በኩል ገባ። እሳቸው ናቸው።»

ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ቃጣቸው። «ሰዓት አስሯል?»

«አዎ፣ የወርቅ ነው።»

ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። «አይደለችም። ሰዓት አስራ አታውቅም።»

ሌላ ፈለግሁ። ሌላ እጅ፣ ሌላ ክንድ። ቀለበት ነበረው፣ አይደሉም። እጅጌው ረጅም ነበር፣ አይደሉም። አራተኛው ላይ ያለ ምንም ማረጋገጫ «ይሄኛው በእርግጠኝነት ናቸው» አልኩ፤ እንዲያበቃልኝ። መብራቱ የት ወገን እንዳለ ጠየቁኝ። መብራቱ ከካሜራው በኩል፣ ከፊት ነው፤ እጁ ግን ከጨፋሪዎቹ ኋላ ነው። መብራቱ ከፊት ከሆነ የያዘችው እሷ እንዴት ከኋላ ትቆማለች አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ እንደ አስተማሪ።

«አይጨነቁ፣ ጋሼ» አልኩ፣ ምላሴ ብቻውን ሮጠ። «ሁለት መቶ አሥሩንም ቢሆን እናየዋለን። ይሄ ማሽን እኮ ስድስቱን በአንዴ ነው የሚከፍተው። ያን ቀን ጥቁሩን ገዝተው ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ ነበር የምንጎተተው፤ ዋጋው ደግሞ እጥፍ። ለዚህ ዋጋ ከዚህ የሚሻል ፕሮሰሰር በዚህ ከተማ የለውም ማንም—»

ጋሼ እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ፣ ጠረጴዛውን አገኙት፣ አሳረፉት።

«ስለ ዕቃው አልጠየቅኩሽም» አሉ። «ያየሽውን ንገሪኝ። ካላየሽ ዝም በይና መልሰሽ አጫውቺው።»