ረግረግ የለመነች መንደር

መንግሥት ቶሎ እሺ ሲል አጋፊያ ደነገጠች።

የኩይጋሊክ መንደር ከዋሽንግተን ጋር ስትጻጻፍ ኖራለች። የፖስታ ቤቱ ጣሪያ ይጠገን ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ መልሱ የሚደርሰው ጠያቂው አርጅቶ ጥያቄውን ከረሳው በኋላ ነው። አሁን ግን ወር ሳይሞላ መልስ መጣ። "የጠየቃችሁትን መሬት በሙሉ ለመስጠት ደስተኞች ነን" ይላል። ደስተኞች! አጋፊያ ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። መንግሥት መሬት ሲሰጥ ደስ ካለው፣ መሬቱ አንድ ጉድ አለበት ማለት ነው።

ከሃምሳ ዓመት በፊት ለአላስካ ነባር ሕዝቦች መሬት ሲከፋፈል አንድ ቀያሽ ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል እያየ መስመር አሰመረ። ለኩይጋሊክ የደረሳት የተራራ ጫፍ ነው፤ ቁራ እንኳ የሚያርፍበት ክንፉ ሲዝልበት ብቻ ነው። ይህን ድንጋይ የሚያስተዳድረው የመንደሩ ሰው ሁሉ ባለ አክሲዮን የሆነበት ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የመሬት ጉዳይ ኃላፊዋ ደግሞ አጋፊያ ናት። ዘንድሮ የግዛቱ ሴናተር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ መንደሩ ተራራውን ለመንግሥት ይመልስና በምትኩ በወንዙ ዳር ካለው የመንግሥት መሬት ሲጠቀምበት የኖረውን ይውሰድ የሚል። አጋፊያም የአካባቢውን ካርታ በመንደሩ ሱቅ ውስጥ ከዶሮው ማቀዝቀዣ አጠገብ ሰቀለችና "እንጆሪ የምትለቅሙበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ" ብላ ጻፈችበት።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነበር። የኩይጋሊክ ሰው ከሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ፣ ለምን እንደታሰረ፣ የትኛው ጥርሱ እንደሚነቃነቅ ሳይጠየቅ ያወራል። ቢጫውን የዱር እንጆሪ የሚለቅምበትን ቦታ ግን ለንስሐ አባቱም አይናገርም። ሁሉም እስክሪብቶውን አነሳ፣ ግራ ቀኙን ገላመጠ፣ ከዚያ ጎረቤቱን ለማሳሳት ብሎ ማንም ዝር በማይልበት ረግረግ ላይ ምልክቱን አኖረ። አጋፊያ ራሷም እንደዚያው። እናቷ ከመሞቷ በፊት በጉም ይዛት የሄደችበትን የኮረብታ ጀርባ ለማን ብላ ትናገር? በመጨረሻ ሲደመር መንደሩ በአንድ ድምፅ፣ በሕግ ፊት፣ ረግረግ ለመነ።

ነገሩን በዓይኑ እንዲያይ ከዋሽንግተን የምክር ቤቱ ባለሙያ በትንሿ አውሮፕላን መጣ። ኮሊን ይባላል፤ ልጅ እግር ነው። አጋፊያ በጀልባ ወሰደችው። ከጀልባው ሲወርድ ጉልበቱ ድረስ ሰመጠ፤ እግሩ ሲወጣ ቦት ጫማው እዚያው ቀረ።

"እንጆሪው የታለ?" አለ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ቢንቢ እያባረረ።

"ዘንድሮ ዘገየ።"

"ተራራ ሰጥታችሁ የምትወስዱት ይሄን ነው?"

"ለእኛ ብዙ ትርጉም አለው" አለች። ኮሊን አክብሮ ጻፈው።

ሲመለሱ ኮረብታዋን እያየ "ነገ ጠዋት ካርታውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ረቂቁ ተዘጋ ማለት ነው" አላት። "እዚያ ኮረብታ ላይ ለውጭ ዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ልሥራ የሚል ባለሀብት አለ። እናንተ ካልጠየቃችሁት መንግሥት ሊፈቅድለት ነው።"

አጋፊያ የጀልባውን ሞተር ልታጠፋው ምንም አልቀራት።

ያን ዕለት ማታ የቢንጎ ጨዋታው ቀርቶ ስብሰባ ሆነ፤ ሕዝቡም ተቆጥቶ መጣ። አጋፊያ ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"ነገ ረግረግ ልንረከብ ነው። እባካችሁ እውነተኛውን ቦታ ንገሩኝ።"

መንደሩ ሁሉ አፓ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው የኮርፖሬሽኑ ሊቀ መንበር ሽማግሌው ዋሲሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ምልክት አድርገናል እኮ ልጄ። እውነቱ እሱ ነው።"

"አፓ፣ ረግረግ ውስጥ እንጆሪ አለ?"

"ድሮ ነበረ።"

"መቼ?"

"ሳትወለጂ።"

"ኧረ እሱ ራሱ ሳይወለድም አልነበረም!" አሉ እማማ ናስታሲያ ከኋላ ወንበር።

"አንቺስ ከየት ነው የምትለቅሚው?" አሉ ዋሲሊ ዞረው።

"እኔማ ከሱቅ እየገዛሁ።"

በእንጆሪ የታጨቀውን የእማማን ፍሪዘር ያየ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ካርታው የተጠጋ አልነበረም። አጋፊያ እስክሪብቶውን አነሳች። እሷ አሁን ካልተናገረች ማንም አይናገርም፤ ከተናገረች ደግሞ ነገ መንደሩ ሁሉ ባልዲውን ይዞ እዚያ ነው።

"እናቴ ይቅር በይኝ" አለችና ኮረብታዋን ከበበቻት። "እኔ የምለቅመው እዚህ ነው። ከጀርባ፣ ትልቁ ድንጋይ ሥር።"

ከዚያ ዋሲሊ ወንበራቸውን ገልብጠው ተነሱ።

"ሌባ! የኔን ቦታ?"

"የርስዎ?"

"የኔ ነዋ! አባቴ ነው ያሳየኝ!"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ናስታሲያ። "ድንጋዩ ሥር የተጣለው የትንባሆ ቆርቆሮ ያንተ ነው? ድብ ትንባሆ ማኘክ ጀመረ እንዴ እያልኩ ስገረም የኖርኩት!"

"አንቺም እዚያ ነሽ? ለዚህ ነዋ አምና መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆቅ ላድን ነው ያልሺኝ! በባልዲ!"

"አንተስ ጀልባዬ ተበላሽቶብኝ ነው አላልከኝም? ኮረብታ ላይ!"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። አንዱ ደቡቡ ላይ ነኝ አለ፣ ሌላዋ ግርጌው፣ የቄሱ ሚስት ሳትቀር እጇን አወጣች። መንደሩ ሙሉ በአንድ ኮረብታ ላይ እየተሸሸገ፣ በጉም ውስጥ እየተላለፈ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር ድብ መጣ ብሎ ሲደበቅ ኖሯል።

ኮሊን በአንድ ቦት ጫማና በአንድ የተዋሰው ነጠላ ጫማ ገባ። "ጠብ ነው?"

"የሕዝብ አስተያየት ነው" አለችው አጋፊያ።

ካርታውን አየ። "ረግረጉስ? ብዙ ትርጉም አለው አላልሽኝም?"

"አለው። ውሸታሞች ነን ማለት ነው።"

"ይሄንን ግን መንግሥት በቀላሉ አይለቅም። ይከራከራል።"

"እሰይ!" አለች አጋፊያ። "እንግዲያው ትክክለኛው መሬት ነው።"

እማማ ናስታሲያ በስብ የተመታ እንጆሪ፣ አኩታክ የሚሉትን፣ በሳህን አምጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። "ማስረጃ ነው" አሉት። ኮሊን ማስረጃውን ጠርጎ በላና ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ። ጠዋት አዲሱን ካርታ ታቅፎ በረረ።

መንግሥት እንደተባለው ተከራከረ፤ ተራራው ድንጋይ ብቻ ነው አለ፤ አጋፊያም ድንጋይ መሆኑን ሃምሳ ዓመት ስንነግራችሁ ነበር ብላ መለሰች። በመጨረሻ ሕጉ ኮረብታዋን ይዞ፣ ረግረጉን ትቶ ጸደቀ። ባለሀብቱም ሌላ ወንዝ ፍለጋ ሄደ።

በመጀመሪያው የእንጆሪ ወር የመንደሩ ጀልባ ሁሉ በአንድ ጠዋት ተነሳ። ወዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ እውነቱን ተናገረ፤ አንዳንዱ ስላልለመደው ተንተባተበ። ኮረብታዋ በበሰለው እንጆሪ ቢጫ ሆና ጠበቀቻቸው።

"ይሄ ጥግ የኔ ነው!" አሉ ዋሲሊ።

"አንቀጽ ጥቀስ!" አሉ ናስታሲያ፣ ከፊታቸው እየለቀሙ።

"አጋፊያ! ነይ ሕጉን አንብቢላት! አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ?"

አጋፊያ ትልቁ ድንጋይ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ባልዲዋ ገና ባዶ ነው፤ ከንፈሯ ግን በጭማቂ ተለውሷል።

"ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው!" ብላ ጮኸች፣ አፏ እንደሞላ።