የአላሜዳው ፈንጂ አምካኝ

ትርንጎ በዲቪ መጥታ ኦክላንድ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ጎረቤት ከተማ አላሜዳ እየተመላለሰች የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ዊትኮም የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ናቸው። ማዕረጋቸውን ስትሰማ፣ «በእኛ አገር ሻለቃ ይባላሉ» አለቻቸው። ቃሉን ወደዱት። ከዚያ ወዲህ በሌላ ጠርታቸው አታውቅም።

ሻለቃ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ቦምብ ማምከን ነበር፤ በወጣትነታቸው ቤልፋስት፣ ኋላም ፎክላንድ ደሴቶች። ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላም አርፈው አልተቀመጡም። ካምቦዲያ ሄደው ከሩዝ ማሳ ፈንጂ ሲያወጡ ከአንዲት አሜሪካዊት ነርስ ጋር ተዋወቁ። አግብታ አላሜዳ፣ ወላጆቿ ቤት ያመጣቻቸው እሷ ናት። ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። ልጃቸው ሄለን ሳን ሆዜ ስለምትሠራ የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሾርባ ሲጠጡ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይጋጫል። አንዳንድ ቀን ሄለንን በእናቷ ስም ይጠሯታል። ይህን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ መራመጃ ዎከራቸውን ይዘው ከትርንጎ ጋር ሲንሸራሸሩ፣ ከማዶ ያለው ቤት ደጃፍ ያርድ ሴል፣ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ የባሕር ኃይል ጡረተኛ፣ በቅርቡ ሞቶ ልጁ ጋሪ የጋራዡን ዕቃ እየሸጠ ነው። ሻለቃ ድንገት ቆሙ። በሳህኖችና በአሮጌ ወንበሮች መሃል ክንድ የሚያህል የዛገ የመድፍ ጥይት ቆሟል።

«ያንን ማን አወጣው?»

ጋሪ ሳቀ። «ባዶ ቀለህ እኮ ነው። አባቴ አርባ ዓመት በር ሲያስደግፍበት ኖሯል።» ሊያሳያቸው ብሎ ጎንበስ አለ።

«አትንካው!»

ትርንጎ ይህን ድምፅ ከእሳቸው ሰምታ አታውቅም። ጋሪ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «ሜዲሲናቸውን ወስደዋል?» አላት።

አመነታች። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ጠዋት ሁለት ጊዜ ነግራቸዋለች። ተሳስተው ቢሆን የሰፈር መሳቂያ ይሆናሉ፤ እሷም ከቀጣሪዎቿ ወቀሳ አይቀርላትም። ዎከሩን የጨበጠውን እጃቸውን አየች። አይንቀጠቀጥም።

«ያሉህን አድርግ» አለችው። «እኔ ፖሊስ ጋ፣ ናይን ዋን ዋን እየደወልኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁሉን ያዘዙት ሻለቃ ናቸው። ሊገዙ ከመጡት መሃል ሕፃን የያዘችውን ሴት አስቀድመው አሳለፉ። ማንም እንዳይሮጥ፣ ማንም ዕቃ እንዳያነሳ ነገሩ። ትርንጎ ክንዳቸውን ይዛ፣ «እርስዎስ?» ብትላቸው፣ «ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ» አሉና የመጨረሻው ሰው የመንገዱን ጥግ እስኪዞር አልተነቃነቁም።

ከካውንቲው ፖሊስ የመጡት ቦምብ አምካኞች ጥይቱን በአሸዋ በተሞላ ሣጥን ይዘው ሄዱ። የቡድኑ መሪ ተመልሳ መጥታ፣ «ማፈንጃ ፊውዙም ባሩዱም እንዳለ ነው» አለች። ጋሪ ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጆቼ ይጫወቱበት ነበር» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃ፣ ትርንጎ ሳትጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ቤልፋስት፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ የብረት የወተት ጋን ነበር። ባለሱቁ ሳምንት ሙሉ እዚያው የቆመ ባዶ ጋን ነው አላቸው። ደክሟቸው ነበርና አመኑት። በሥራቸው የነበረውን ኮርፖራል አለን ፕራይስን ሂድና አንሳው አሉት። ጋኑ ግን ባዶ አልነበረም።

«ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር» አሉ።

ትርንጎ፣ «እናቱን አገኟቸው?» ብላ ጠየቀች።

«በየዓመቱ እጽፍላት ነበር። አንድም ጊዜ አልመለሰችልኝ። ከሞተች በኋላ እህቱ ጻፈችልኝ፤ እናቴ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አስቀምጣቸው ነበር አለች።»

በመስከረም ሄለን ወደ ሳን ሆዜ ወሰደቻቸው። ትርንጎ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ባቡር እየያዘች ትጠይቃቸው ነበር። የካቲት ላይ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ አረፉ።

ሄለን ለቀብሩ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ስታዘጋጅ ትርንጎን ጠራቻት። ረቂቁን አብረው አነበቡት፤ ማዕረጉም፣ ሽልማቱም፣ አገሮቹም አልቀሩም።

«የኮርፖራል ፕራይስ ስም የለም» አለች ትርንጎ።

ሄለን ቀና አለች። «ማነው እሱ?»

ትርንጎ ወንበሯን ሳበችና ነገረቻት።