ሳትሞት የተለቀሰላት

«ገና ከደረጃው ጀምሬ ‹ወይኔ ቤርሳቤህ! ወይኔ አበባዬ!› እያልኩ ደረቴን ስደቃ፣ በሩን ማን ከፈተልኝ መሰላችሁ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደኣብ፣ የያዙትን ካርታ ጉልበታቸው ላይ ደፍተው።

ለአቶ አድማሱ ለቅሶ ቡጎሎቢ ሰፈር የተሰበሰበው ሰው መልሱን ቢያውቅም አፉን ይዞ ጠበቀ።

«ራሷ ቤርሳቤህ! በቂጣ የተጠቀለለ ሮሌክሷን እየገመጠች፣ እንቁላሉ አገጯ ላይ!»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ቤርሳቤህም አብራ ሳቀች፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በወረርሽኙ ሳቢያ ልጆች ከየቤታቸው በኮምፒውተር ሲማሩ ነው። ቤርሳቤህን በትምህርት መሃል እንቅልፍ ጣላት፤ አንዱ የክፍሏ ልጅ ከስክሪኑ ላይ ፎቶዋን አንስቶ በተነው። በማግስቱ አፏ ላይ ዝንብ ተጨመረበት፣ ስድብ ተጻፈበት። ልጅቷ ምግብም ሰውም ጠላች።

አያቷ አቶ አድማሱ ስልኳን አልነጠቁም፤ «ለምን ተኛሽ?» ብለውም አልተቆጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አዩ። «አትመልሺላቸው። አንዱንም አታጥፊ። ለአስተማሪሽ እኔ እልከዋለሁ» አሏት። የመጀመሪያውን ፎቶ ላኩ፤ ግን ተሳስተው የላኩት ለዕድሩ ግሩፕ ነበር። እዚያ ደግሞ ከሟች በቀር የማንም ፎቶ ወጥቶ አያውቅም። ከሌሎቹ ሰፈሮች፣ ከሙየንጋም ከኢንዱስትሪያል ኤሪያም ሰው እየጮኸ መጣ፤ ድንኳኑ ሳይቀር በፒክአፕ ደረሰ።

ነገሩ ሲጣራ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከአያቷ ጋር የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ዘንድ ሄዱ። ፎቶዎቹ ወረዱ፤ ልጆቹም ከነወላጆቻቸው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ቤርሳቤህ ግን የዳነችው ከዚያ በፊት ነው። ማን ምን ያህል እንደሚያለቅስላት በቁሟ አይታለች፤ ይሄ ለስንቱ ይደርሳል?

ቀስ ብላ ስልኳን አየች። የማታውቀው ቁጥር ነው። በቀብሩ ላይ ስታለቅስ አንስተዋታል፤ ከስሩ «ዛሬስ አልተኛሽም?» ይላል። መልሳ ከተተችው። የምትነግራቸው ሰው ተቀብረዋል። እናቷ ጽጌ ደግሞ አባቷ አቶ አድማሱ ከሞቱ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን ትጨምርባት?

«አባዬ እኮ ድንኳኑን ‹ከመጣማ አይመለስም› ብሎ ልደቷን አከበረበት!» አለች ጽጌ ከፍራሹ ላይ። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ወዲያው ልጇን አየቻት። «ቤርስዬ፣ ምነው?»

«ምንም።»

«ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ቤርሳቤህ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ... እንደገና ጀምረዋል።»

«አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁም።»

«ጎበዝ።»

ጽጌ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ከሞቱ ወዲህ ማንም ሊነካው ያልደፈረውን የአባቷን መነጽር አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችውና አደረገችው። አፍንጫዋ ላይ ሰፋ፤ በአንድ ጣቷ ደግፋ ያዘችው።

«በይ» አለች፣ «ከመጀመሪያው አሳዪኝ።»